አሥረኛው መስመር

እሑድ፣ ጥር 19 ቀን

ለውድ አባዬ፤

ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ ጉልበትህ ብርዱን ችሎ፣ አንተም ቁጣህን ቀንሰህ እንዲያገኝህ እመኛለሁ። እህቴ በስልክ "ደህና ነው፤ መሰላል ላይ ካልወጣሁ እያለ ከማስቸገሩ በቀር" ብላኛለች። አምፖል ለመቀየር አማችህ አለልህ አይደል? ያ ሁሉ ቁመት ለዚህ ካልጠቀመ ለምን ዳርንለት። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሰላም ብላሃለች። ትንሿ ልጄ የፊት ጥርሷ ወልቆ በፉጨት ነው የምታወራው፤ "አያቴ ጥርስ ስለሚጎድለው ላኩለት" ብላ ስላስጨነቀችን በሶፍት ተጠቅልሎ ከደብዳቤው ጋር መጥቶልሃል። እንዳትጥለው፤ ደረሰው ወይ ብላ መጠየቋ አይቀርም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ስልኩንማ ሞክረነዋል። አንተ "ሥራ እንዴት ነው?" ትላለህ፣ እኔ "ጥሩ ነው" እላለሁ፣ ከዚያ "በል እንግዲህ፣ እንዳይቆጥርብህ" ብለህ ስልኩን ለእህቴ ትሰጣታለህ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያወራነው ይህንኑ ነው። ፊዚክስ ማስተማሬን ትቼ የተማሪዎች አማካሪነት ልማር መሆኔን ከነገርኩህ ቀን ጀምሮ ማለት ነው። ያን ቀን "ፊዚክስን የሚያህል ነገር ጥለህ ወሬ ልትሰማ? ለዚህማ ፀጉር አስተካካይ መሆን ይሻልህ ነበር" አልከኝ። ከፍቶኝ ነበር፤ አልደብቅህም። ኋላ ግን አሠልጣኛችን ራሷ "ሰው ማዳመጥ የፈለገ ፀጉር ቤት ሄዶ ይቀመጥ" ስትለን ብቻዬን ሳቅኩ። ምን አሳቀህ ብትለኝ፣ "አባቴ ቀድሞሻል" አልኳት።

ተመርቄ ከመስከረም ጀምሮ ሥራ ላይ ነኝ። የት እንደሆነ ስነግርህ ለምን እስካሁን እንደደበቅኩህ ይገባሃል። አንተ ሃያ ስምንት ዓመት በር ላይ የቆምክበት፣ እኔም የተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው። የሰጡኝ ክፍልም ያንተው ነው፤ በሩ አጠገብ ያለችው፣ የሚገባ የሚወጣው በመስኮቷ የሚታይባት። "የሥነ ሥርዓት ኃላፊ" የሚለውን በነጭ ቀለም ሸፍነው "የተማሪዎች ምክርና ድጋፍ" ብለው ጽፈውበታል፤ ቀለሙን ስለቆጠቡበት ግን የድሮው ጽሑፍ ከሥር ያስታውቃል። "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" የምትለዋ ሰሌዳህም ግድግዳው ላይ እንዳለች ነች። ላወርዳት ስታገል ሚስማሩ ግድግዳውን ይዞ ሊመጣ ሲል ተውኳት።

ርዕሰ መምህሩ በአንተ ጊዜ ተማሪ የነበረ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ አስገባ እየተባለ ያደገ ልጅ ነው። ዛሬ ከረባት አስሮ "ጋሼ ደቂቃ እንዴት ናቸው?" ይለኛል። ተማሪ ሁሉ ከኋላህ "ደቂቃ" እያለ ይጠራህ እንደነበር የምታውቅ ይመስለኛል። ለእኔም ስም ወጥቶልኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው እንደሚባለው ከሁሉም በኋላ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ "ጋሼ ጆሮ" ይሉኛል። ርዕሰ መምህሩ ሻይ በጠጣን ቁጥር "ከደቂቃ ጆሮ ተወለደ" እያለ ይስቃል። እኔም ስለለመድኩት አብሬው እስቃለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አያኮሩም። ክፍሉን አጽድቼ፣ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው ገፍቼ፣ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አድርጌ ተቀመጥኩ። ማን ይምጣ? ከደጅ ያለው አግዳሚ ወንበር፣ ያረፈዱትን በሩ ከተከፈተላቸው በኋላ ታስቀምጥበት የነበረው፣ ዛሬም ስሙ "መጥበሻ" ነው። መጥበሻ ላይ ተቀምጦ የታየ ልጅ "ምን አጠፋህ?" ይባላል እንጂ "ምን ሆንክ?" አይባልም። መምህራኑም በበኩላቸው አገዙኝ፤ የቤት ሥራ ያልሠራ ባገኙ ቁጥር "ውጣ፣ ወደ ጆሮ ሂድ" ይሉታል። ለቅጣት የተላከ ልጅ ደግሞ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው የሚቆመው። አንዱማ ገና ሳልጀምር መጥረጊያው የት እንዳለ ጠየቀኝ።

በኅዳር መጨረሻ የአንዲት ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስም በማርፈጃ መዝገቡ ላይ ተደጋግሞ አየሁ። ስሟን አልጽፍልህም፤ የሥራው ደንብ ነው። ይህን ያህሉንም የምጽፍልህ እሷን ጠይቄ፣ ፈቅዳልኝ ነው። ወረቀት ልኬ ከክፍል አስጠራኋት። ስህተቴ ከዚያ ይጀምራል፤ ወረቀቱ ሲነበብ ክፍሉ በሙሉ "ኡኡ" አለ አሉ። መጥታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ "ይህን ቃል አትጠቀሙ" እየተባልኩ የተማርኩትን ቃል ጠራሁ።

"ለምን ታረፍጃለሽ?"

"ሁለተኛ አይለመደኝም" አለችኝ።

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር። ይችኑ ቃል፣ እዚያው ክፍል፣ እዚያው መስኮት ሥር ቆሜ ለአንተ ዘጠኝ ጊዜ ብያታለሁ። አሠልጣኛችን "ለምን ስትሉት ልጁ ራሱን መከላከል ይጀምራል፤ ይልቅ ጠዋቱን ከመነሻው እንዲነግራችሁ ጠይቁት" እያለች ደጋግማ አስጠንቅቃን ነበር። ያን ሁሉ የተማርኩ ሰውዬ እዚያ ክፍል ስገባ ያንተን ድምፅ ይዤ ተገኘሁ። ስለዚህ ክፍሉን ትቼ ወደ ደጅ ለመውጣት ወሰንኩ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተደውሎ በሩ ሲዘጋ እኔ ከውጭ፣ ካረፈዱት ጋር ነበርኩ። ያረፈደ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ከበር ውጭ ያሳልፋል የሚለው ሕግህ እንዳለ ነው። ዘበኛው አንተ የቀጠርከው ሰው ነው፤ አርጅቷል እንጂ አልተለወጠም። በትንሿ መስኮት አጮልቆ አየኝ።

"አንተም አረፈድክ?"

"አይ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

"ሥራህ ከውስጥ አይደል እንዴ?"

"ዛሬ ከውጭ ነው።"

መዝገቡን አወጣና "እኔ እንጃ። አባትህ ያስተማሩኝ፣ ሲደወል ከውጭ ያለ ሁሉ ይመዘገባል ብለው ነው" ብሎ ስሜን ጻፈ። ሦስት ሳምንት እዚያ ቆምኩ። በዚህ መንፈቅ ከትምህርት ቤቱ ሁሉ አብልጦ ያረፈደው እኔ ነኝ።

ግንብ ተደግፎ ለሚጠብቅ ሰው ልጆች ያወራሉ። መጀመሪያ ስለ ኳስ፣ ቀጥሎ ስለ መምህራን፣ ቀስ እያለ ስለ ቤት። ልጅቷ በስድስተኛው ቀን እየሮጠች መጣች፤ በሩ መዘጋቱን ስታይ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ አጠገቤ ቆመች። ምንም አልጠየቅኳትም። ትንፋሿ ሲመለስ "ዛሬ በአምስት ደቂቃ ነው ያመለጠኝ" አለችኝ። "መሮጥ የምትጀምሪው ከየት ነው?" አልኳት። ያኔ ጠዋቷን ከመነሻው ነገረችኝ።

እናቷ ሆስፒታል ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ናት። አዳር በምትሠራባቸው ሳምንታት የምትወጣው ሁለት ሰዓት ነው። ቤት ውስጥ ሌላ ትልቅ ሰው የለም። ሰባት ዓመት ያልሞላው ወንድሟ የሚማርበት ትምህርት ቤት በር የሚከፈተው ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው፤ ከዚያ እኛ ጋ በሩጫ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። የፊዚክስ መምህር ነበርኩና ርቀቱን፣ ፍጥነቱን፣ ጊዜውን አሰላሁት። በምንም ስሌት አትደርስም። የምትደርሰው ልጁን ከተዘጋ በር ፊት ጥላው ከመጣች ብቻ ነው።

"አንድ ቀን ሞክሬ ነበር" አለችኝ። "መንገዱን ተሻግሬ ዞር ስል ያየኛል። አላለቀሰም። ዝም ብሎ ያየኛል። ከዚያ በኋላ አልቻልኩም።"

 ይህን ለማን እንደነገረች ጠየቅኳት። "መጀመሪያ ያረፈድኩ ቀን 'እናቴ…' ብዬ ስጀምር ምክትል ርዕሰ መምህሩ 'የእናትሽን ተይና የራስሽን ንገሪኝ' አሉኝ። እናቴም የቤታችንን ነገር ደጅ አታውጪ ትላለች" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገረችም።

ባለፈው ሐሙስ አሥር ሞላት። አሥር ማርፈድ የዓመት ስንብት ነው፤ ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው በሚመጣው ዓርብ ይሰበሰባል። እስከዚያ ለማንም እንዳልናገር ለምናኝ ነበር፤ አሁን አስፈቅጃት ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። ክፉ ሰው አይደለም።

"ምክንያት የሌለው ማን አለ?" አለኝ። "እኔም ምክንያት ነበረኝ፤ አራት ጊዜ መጥበሻ ላይ ተጠብሻለሁ። ሕጉ የሚከበረው ማንንም ስለማይምር ነው። አባትህ በሃያ ስምንት ዓመት አንድ ሰው አላሳለፉም፤ አንተን እንኳ አልማሩህም። እኔ ዛሬ አንዷን ባሳልፍ ነገ ወላጅ ሁሉ በሬ ላይ ነው። እሳቸው አንድ ሰው እንኳ አሳልፈው ቢሆን ኖሮ፣ እሳቸው ያደረጉትን አደረግኩ ብዬ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር።"

አመስግኜው ወጣሁ። ይህ ከትናንት ወዲያ፣ ዓርብ ዕለት ነው።

ትናንት ቅዳሜ የልጆቹን ወረቀት የምቆልፍበት ቦታ ስለቸገረኝ አናጢ ጠርቼ ክፍሏ ውስጥ የቀረውን የቁም ሣጥንህን የታችኛውን መሳቢያ አስከፈትኩ፤ ያበጠውንና የማይሳበውን። ደብተሮችህ አሉ። በቡናማ ወረቀት የተለበዱ፣ በቀይ እስክሪፕቶ የተሰመሩ ናቸው። ቀን፣ ስም፣ ደቂቃ፣ ቅጣት፣ ምክንያት። ሰው መቼም የቡድን ፎቶ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ራሱን ነው፤ እኔም ዘጠነኛ ክፍል የነበርኩበትን ዓመት መዘዝኩ።

አንድ ነገር መጀመሪያ ዓይኔን ያዘው። "ምክንያት" የሚለውን ዓምድ በጣም አጥብበህ ነው ያሰመርከው፤ ጣት አያህልም። ከ"የለም" በቀር የሚበቃው ቃል የለም። ገጹ ከላይ እስከ ታች የለም፣ የለም፣ የለም ይላል። በየጠዋቱ አርባ ልጅ እየመዘገብክ የማንን ታሪክ ልትጽፍ ኖሯል፤ ይገባኛል። እኔም በራሴ ቅጽ ላይ ይህን ዓምድ አስፍቼው አሁን ሁለት ወረቀት እየፈጀሁ ነው።

ስሜን ዘጠኝ ቦታ አገኘሁት። ግቢ መጥረግ፣ በዕረፍት ሰዓት ቆሞ መዋል፣ ግቢ መጥረግ። ምክንያት፣ የለም። ያን ጊዜ መምህራኑ "የራሱን ልጅ እንኳ አይምርም" እያሉ ያደንቁህ ነበር። እኔ መጥረጊያ ይዤ እሰማቸው ነበር። በግቢ ውስጥ "እርስዎ"፣ ቤት ስንገባ "አንተ" እልህ ነበር፤ ያን ዓመት ግን ቤትም ውስጥ እርስዎ ልልህ ይዳዳኝ ነበር። ጠልቼህ ነበር፣ አባዬ። ዛሬ የምጽፈው ስላለፈ ነው።

ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩትን አሁን ልንገርህ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የእጇ አንጓዎች ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ያሏት ከዚያ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ነው። ቁልፍ መቆለፍ፣ ጫማ ማሰር፣ ማንቆርቆሪያ ማንሣት አትችልም ነበር። አንተ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥተህ የበሩ ድምፅ ሲሰማ ነው እሷ የምትጠራኝ። የሹራቧን ቁልፍ እቆልፍላታለሁ፣ ፀጉሯን አስርላታለሁ፣ እጇን በሞቀ ውሃ እነክርላታለሁ፣ ከዚያ እሮጣለሁ። የባሰባት ቀን አረፍዳለሁ። "ለአባትህ ብትናገር አልወድህም" አለችኝ። "ካወቀ በሩን ትቶ ቤት ይቀመጣል፤ በሩን ከተወ ደግሞ እሱ እሱ አይሆንም።" እኔም ሁለተኛ አይለመደኝም እያልኩህ ዓመቱን ጀመርኩ።

ከዚያ አሥረኛው መስመር አለ። ቀኑ ተጽፏል። ስሜ ተጽፏል። ደቂቃ የሚለው ሃያ ሁለት ይላል። ቅጣት የሚለው ባዶ ነው። ምክንያት የሚለውም ባዶ ነው፤ "የለም" እንኳ አይልም።

ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። ሁሉ ነገር አበቃ ብዬ ስመጣ በሩን የከፈተልኝ ዘበኛው ሳይሆን አንተ ነበርክ። ሰዓትህን አላየህም። "ግባ" ብቻ አልከኝ። ኮሚቴ ሳልጠራ ስቀር ቆጠራው የተሳሳተልኝ መስሎኝ ነበር፤ ስንት ዓመት ሙሉ እንደዚያ መስሎኝ ኖርኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋት ስነሣ እናቴ ለብሳ፣ ተጫምታ አገኛት ጀመር። "እጄ ተሻለኝ" አለችኝ፤ አመንኳት። ፀጉሯ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ነበር። የጫማዋ ማሰሪያ ድርብ ቋጠሮ ነበር፤ እኛ ቤት ውስጥ እንደዚያ የሚቋጥረው አንድ ሰው ብቻ ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበርና ቋጠሮ የሚያይ ዓይን አልነበረኝም። አንተም ያኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መነሣት ጀምረህ "ሽማግሌ እንቅልፍ የለውም" ትል ነበር። አርባ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላህም ነበር። ትናንት መሳቢያው ፊት መሬት ላይ ተቀምጬ ይህን ሁሉ ስገጣጥም አናጢው "ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?" ብሎ ውሃ አመጣልኝ።

ማን እንደነገረህ አልጠይቅህም። ለምን እስካሁን ዝም እንዳልክም አልጠይቅህም፤ ለምን ማለት አቁሜያለሁ።

ገጹን ለርዕሰ መምህሩ ባሳየው ዓርብ ነገሩ ያልቃል። አላሳየሁትም። በሥራችን ሰው ወረቀት ላይ ያስቀመጠው የዚያ ሰው ነው፤ ካልፈቀደ አይወጣም። "የራሱን ልጅ አሳለፈ" ሊሉህ እንደሚችሉም አውቃለሁ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ቆመህ ያቆምከው ስም ነው። የእናቴም ነገር አለበት። እምቢ ብትለኝ አልቀየምህም፤ ያለ ወረቀቱ ገብቼ አፌ እንደመራኝ እናገራለሁ። ልጅቷን ላስፈቅድ ትናንት ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ስሄድ "ለጋሼ ደቂቃ ነው የሚጽፉላቸው? እሳቸው ቢሆኑ ያባርሩኝ ነበር አይደል?" አለችኝ። "አባቴን ጠይቄ እነግርሻለሁ" አልኳት።

ስለዚህ እየጠየቅኩህ ነው። የገጹን ፎቶ ኮፒ አያይዤልሃለሁ፤ ደብተሩ መሳቢያው ውስጥ ተቆልፏል። አማችህ ነገ በሚነዳው አውቶቡስ ይዞልህ ይመጣል፤ ሐሙስ ጠዋት ወደዚህ ተመልሶ ይነሣል። አሥረኛው መስመር ላይ የቀረውን ሞልተህ፣ ፈርመህ ስጠው። ዓምዱ ጠባብ ነው፤ ካልበቃህ በጀርባው ጻፍ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትህን በሞቀ ጨርቅ ያዘው፤ መሰላሉን ለአማችህ ተውለት። የልጅ ልጅህን ጥርስ አደራ።

ዘጠኝ ጊዜ ያረፈደው ልጅህ